አደይ ቀጠሮ አታራዝምም

(የመግቢያ ሙዚቃ። ዋሽንት ይቀድማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።)

ሳምንታዊ ዝግጅታችን ይኸው ሰዓቱን ጠብቆ መጥቷል። ቡና የቀረበላችሁ ስኒያችሁን ያዙ፤ ልብስ የምታጥቡ ሬዲዮኑን ጠጋ አድርጉት፤ ታክሲ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሾፌሩን ድምፁን ትንሽ ከፍ እንዲያደርግ ለምኑልኝ።

የዛሬው ወሬያችን ስለ ጉዞ ነው። ፓስፖርት አይጠይቅም፣ የአውሮፕላን ትኬት አይጠይቅም። ደብተርና ዩኒፎርም ተገዝቶ ኪሳችን በደረቀበት በዚህ ሰሞን ስለ ጉዞ ማውራቴን ይቅር በሉኝ። ግን ነገሩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ለምን እንደማይሰጥ እነግራችኋለሁ።

ወሬውን ያስነሳብኝ አንድ ፎቶ ነው።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት መጀመሪያ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ ሰፈር፣ አንዲት ጎረቤቴ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው፤ እኔም እማማ ልበላቸው። ልጃቸው አሜሪካን አገር፣ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ከባሏና ከልጆቿ ጋር ሸናንዶዋ የሚባል ተራራማ ፓርክ ሄዳ የተነሳችውን ፎቶ ልካላቸዋለች። ዛፉ ሁሉ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ ነው። እማማ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አይተው አይተው፣ "እንደው ይሄ ዛፍ ደህና ነው? ታሞ ነው ወይስ ጤነኛ ነው?" አሉኝ።

"ጤነኛ ነው እማማ። ብርዱ ሊመጣ ስለሆነ ቅጠሉን ሊያራግፍ ነው።"

"ታዲያ ቅጠል ሲረግፍ ለማየት ነው ነዳጅ አቃጥለው ተራራ የወጡት?"

"አዎ። ለዚሁ ብለው ከወራት በፊት ማረፊያ የሚይዙም አሉ።"

ዝም አሉ። ፎቶውን በጣታቸው አንዴ ሰፋ፣ አንዴ ጠበብ አደረጉት። ከዚያ፣ "የኛስ?" አሉ። "የኛ ተራራ መቼ ነው የሚታየው?"

(አጭር ዝምታ።)

እስቲ እናንተም መልሱልኝ። የኛ ተራራ መቼ ነው የሚታየው?

መስከረም ያላችሁ፣ ልክ ናችሁ። አሁን! ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጉሙ ሲገለጥ፣ ደጋውና ወይና ደጋው አደይ አበባ ሲለብስ። ዛሬ ደጋግሜ የምነግራችሁም አንድ ነገር ነው፤ አደይ ቀጠሮ አታራዝምም። ያዙልኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

(ሙዚቃ፣ ለአፍታ።)

አስቀድመን ከእማማ የመጀመሪያ ጥያቄ እንነሳ። የነሱ ዛፍ ለምን ይቀላል? የኛስ ለምን አይቀላም?

እስቲ ወደ ጓዳችሁ ተመልከቱ። ቃሪያ አለ? ያ አረንጓዴ ቃሪያ ተክሉ ላይ ቢቆይ ምን ይሆናል? ይቀላል፤ በርበሬ ይሆናል። አረንጓዴው ቀለም ይፈርሳል፣ ቀዩ ይወጣል። የቅጠሉም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው ክሎሮፊል በሚባለው ቀለም ነው፤ ተክሉ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራበት እሱ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል መስከረምና ጥቅምት ላይ ቀኑ በፍጥነት እያጠረ፣ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ዛፉም ክሎሮፊሉን ያፈርስና የሚጠቅመውን ንጥረ ነገር ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ ይሰበስባል። ቤት ሊለቅ ያለ ሰው እንደሚያደርገው ነው፤ የሚረባውን ይዞ ይወጣል። ያን ጊዜ ድሮም እዚያው የነበረው፣ ግን በአረንጓዴው ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ብቅ ይላል። ቀዩን ደግሞ አንዳንዱ ዛፍ በዚያው ሰሞን አዲስ ይሠራዋል፤ ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ይበልጥ ይደምቃል።

እኛ ጋ ግን ቀኑ ያጥራል ወይ?

ብዙም አያጥርም። አዲስ አበባ ላይ ከዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የእማማ ልጅ በምትኖርበት ዋሽንግተን አካባቢ ልዩነቱ ከአምስት ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ የኛ ዛፍ "ብርድ መጣብኝ" ብሎ የሚደነግጥበት ምክንያት የለውም። የኛ ተክል ቀን የሚቆጥረው በዝናብ ነው። ዝናቡ መቼ መጣ? መቼ አባራ? ሰዓቱ ይሄው ነው።

አደይም በዚሁ ሰዓት ነው የምትኖረው። ክረምት ሲገባ ዘሯ ይበቅላል። ሐምሌና ነሐሴ እኛ ጃንጥላ ስናነሳ ስንጥል እሷ ታድጋለች። ዝናቡ ሊያባራ፣ ፀሐይ ልትመለስ ስትል ታብባለች። መሬቱ ሳይደርቅባት ዘሯን ማድረስ አለባትና አትዘገይም፤ ዘሯን ካደረሰች ትደርቃለች። በጥቂት ሳምንት ያለቀ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ነው አደይ ቀጠሮ አታራዝምም የምለው።

(የልጃገረዶች ጭብጨባና ከበሮ፣ ከሩቅ።)

ቀኑን እንዴት እንያዝ? አባቶቻችን ቀን መቁጠሪያውን አዘጋጅተውልናል። መስከረም 1 እንቁጣጣሽ ነው፤ ሴቶች ልጆች አደይ ከእርጥብ ሣር ጋር ይዘው ደጃችን ይመጣሉ። መስከረም 16 ደመራ፣ መስከረም 17 መስቀል፤ ያን ጊዜ ደመራው ራሱ አደይ ይለብሳል። ዩኔስኮ በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በዓል ነው። መስከረም 25 ክረምት በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ያበቃል፤ በማግሥቱ መስከረም 26 መፀው ይገባል፣ ዘመነ ጽጌም ይጀምራል። ጽጌ ማለት አበባ ነው። እስከ ኅዳር መግቢያ ድረስ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል።

እዚህ ላይ አንዲት ቅሬታዬን ላንሳ። ብዙዎቻችን፣ እኛ ጋዜጠኞቹም ጭምር፣ አበባ ያለበትን ወቅት ሁሉ "ፀደይ" እንላለን። በኛ አቆጣጠር ግን ፀደይ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ ያለው፣ የበልግ ዝናብ የሚጥልበት ነው። የአበባው ወቅት መፀው ነው። ከሌላ አገር መጽሐፍ ስንተረጉም ያመጣነው መደናገር ይመስለኛል። ለማንኛውም በሚቀጥለው ጊዜ "ፀደይ" ብዬ ብታገኙኝ ደውላችሁ አርሙኝ።

እና የጉዞው ቀን? እኔ የምመክረው ከእንቁጣጣሽ ማግሥት ካለው ሳምንት እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች ነው። በመስከረም መጀመሪያ አበባው ትኩስ ነው፤ ዝናቡ ግን ገና አልወጣም። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ይጠራል፣ ጭቃው ይደርቃል። ሁለቱንም ካላችሁኝ፣ የኢሬቻ በዓል ካልዋለበት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ያለውን የመጀመሪያውን ቅዳሜ እመርጣለሁ።

ጥንቃቄ ግን አለው። የደመራ ዕለት ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስዱ መንገዶች ይዘጋሉ። የኢሬቻ ቅዳሜና እሁድም እንዲሁ ነው፤ ቅዳሜ አዲስ አበባ በሆራ ፊንፊኔ፣ እሁድ ቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ይከበራል። በእነዚያ ቀናት ከተማውን ለማቋረጥ አታስቡ፤ ወይ በዓሉን አክብሩ፣ ወይ ቤታችሁ ዋሉ።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል።)

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

እማማ "የኛስ መቼ ነው?" ባሉኝ ጊዜ "ይዤዎት እሄዳለሁ" አልኩ። ቃል ገባሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሠርግ ነበር። ሁለተኛው ቅዳሜ ለቅሶ ደረሰ። "በሚቀጥለው" እያልኩ እያልኩ ጥቅምት ተገባደደ። በመጨረሻ የሰፈር ልጅ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን፣ ዳቦ ቆርሰን፣ ቡና በፔርሙዝ ሞልተን በሰበታ በኩል ወደ ወጨጫ ተራራ ሄድን። እማማ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል።

ምን አገኘን መሰላችሁ?

ድርቆሽ! ገመገሙ ሙሉ ቡናማ እንጨት እንጨት የሚመስል አገዳ። አንድ እረኛ ልጅ ሲያየን ቆየና ሳቁ መጣበት። "አበባው እኮ አልቋል፤ ዘሩ ነው የቀረው" አለን። አንድ የደረቀ ራስ ቀጠፈና በመዳፉ መሃል ፈጭ አድርጎ አሳየን፤ ጠቆር ያሉ ቀጫጭን ፍሬዎች ናቸው። እማማ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ከቦርሳቸው ጋዜጣ አወጡና ያን ፍሬ ጠቀለሉት፤ ከዚያ ሌላ ራስ ቀጠፉ፣ እሱንም ጠቀለሉ።

በሰሜኑ ዓለም የሚቀላው ቅጠል እንኳ እንዲህ አይከዳም። ጃፓኖች ሞሚጂጋሪ ይሉታል፣ ቅጠል ሲቀላ ለማየት ተራራ መውጣቱን፤ ከጥንት ጀምሮ የያዙት ልማድ ነው። ቅዝቃዜው መጀመሪያ የሚደርሰው ከፍታው ላይ ስለሆነ ቅላቱ ከተራራው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ላይኛው ቢያመልጣቸው ታችኛው ይጠብቃቸዋል። ዜና ላይ "ቅላቱ ዛሬ እዚህ ደርሷል" ተብሎ እንደ አየር ትንበያ ይነገራል። እኛ ጋ የአደይ ትንበያ የሚሰጠን የለም። ትንበያችን የመንገድ ዳር አበባ ሻጮች ናቸው። በእቅፍ ይዘው ከገጠር ሲገቡ ስታዩ፣ ተራራው በርቷል ማለት ነው። የት እንደቀጠፉት ጠይቋቸው፤ ከነሱ የተሻለ መሪ አታገኙም።

(የወፍ ድምፅ።)

የት እንሂድ? እኛ የምዕራቡ ሰፈር ሰዎች ታድለናል። ቀራንዮ ላይ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ስታዩ ያ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ መስሎ የሚታየው ተራራ ወጨጫ ነው። የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጫፉ ከባህር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ስንቶቻችን ነን በየቀኑ እያየነው አንድ ቀን ያልረገጥነው?

በወጨጫ ጎን ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ወፍ ዋሻ በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ሲና አጠገብ ያለው ደን ነው። እስቲ አስቡት፤ መኪና በሌለበት ዘመን፣ ያን ሁሉ መንገድ ዘር ተሸክሞ መጥቶ ደን መትከል! ዛሬ እዚያ ስትገቡ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ስትሉ ደግሞ ኮሶው ይቀበላችኋል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ነጩ ጭራው እንደ ነጠላ ጥለት ይወዛወዛል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ድኩላ ታያላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አደይን ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ አትፈልጓት። ፀሐይ ትወዳለች። ከደኑ ዳር፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ከማሳው ድንበር፣ ሳይታረስ ከከረመው መሬት ላይ ነው ያለችው። ደኑን ለጥላው፣ ዳሩን ለአደይ ብላችሁ ሂዱ።

መንገዱ? ከቀራንዮ ወደ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና የሰበታ ታክሲ። ከሰበታ ወደ ሱባ የሚወስደው ፒስታ መንገድ ነው፤ በመስከረም መጀመሪያ ጭቃ ስለሚሆን ዝቅ ያለ መኪና ይዛችሁ አትሞክሩት። ስድስትም ስምንትም ሆናችሁ ብታዋጡ ኮንትራት ይሻላል። መኪና ከመያዛችሁ በፊት ደግሞ በዚያው ሳምንት መንገዱን የተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ፤ ጭቃውንም፣ ሰላሙንም። ይህ ለየትኛውም ጉዞ ይሠራል።

ሩቅ ነው ለምትሉ ገፈርሳ አለ። በዊንጌት፣ በአስኮ፣ በቡራዩ አድርጋችሁ የአምቦን መንገድ ስትይዙ ከተማችን ውሃ የምትጠጣበት የገፈርሳ ግድብ ይታያችኋል። በዚያ ዙሪያ ያለው ሜዳና ዳገት በመስከረም ቢጫ ነው። ግማሽ ቀን ይበቃል።

እንጦጦን አልረሳሁም። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለቤተሰብ ምቹ ሆኗል፤ መንገዱ የተሠራ ነው፣ አረጋውያንም አይቸገሩም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለአደይ ብላችሁ ከሆነ እንጦጦ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ለምን? ባህር ዛፉ! ባህር ዛፍ ውሃውንም ብርሃኑንም ለራሱ ይወስዳል፤ ከሥሩ የረገፈው ቅጠልም ሌላ ተክል በቀላሉ እንዳይበቅል ያደርጋል። ስለዚህ እንጦጦ ከወጣችሁ ገላጣውን ፈልጉ። ደግሞ ከዚያ ላይ ሆናችሁ ወደ ፍልውሃ ቁልቁል ስታዩ ይህን አስታውሱ። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው ከተማዪቱን "አዲስ አበባ" ያሏት በ1879 ዓ.ም. ነው። በየቀኑ የምንጠራው የከተማችን ስም ራሱ አበባ ነው።

አዳር ለምትችሉ ወንጪ አለላችሁ። በወሊሶ ወይም በአምቦ በኩል ይገባል። ከእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ በሐይቁ ላይ ደሴት፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ከሐይቁ ከንፈር ላይ ቆማችሁ ስታዩ፣ ታች ሰማያዊ ውሃ፣ ዙሪያው ቢጫ ዳገት።

ከሁሉም ግን የአበባ ዘመን የተራራ ጉዞ ብሎ ነገር ከተነሳ ቀዳሚው ግሸን ነው። ማንም "ቱሪዝም" ሳይለው ለዘመናት ሲጓዙት ኖረዋል። ወሎ፣ አምባሰል፤ አናቱ በመስቀል ቅርጽ የተሠራው የግሸን አምባ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ትነግሣለች። ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እዚያ እንደተቀመጠ ቤተ ክርስቲያን ትናገራለች። እነሆ ዘርዓ ያዕቆብ እንደገና መጡ፤ እዚህ ሱባ ደን፣ እዚያ ግሸን መስቀል። የኛ ሰፈር ስም ደግሞ ቀራንዮ፤ መስቀሉ የቆመበት ስፍራ። ነገሩ ሆን ተብሎ የተገጣጠመ ይመስላል፤ ባይሆንም ደስ ይለኛል። የግሸን ተጓዥ ግን ቅዳሜ ጠዋት አስቦ አይነሳም። ከወራት በፊት በማኅበር ይደራጃል፣ ገንዘቡን ቀስ በቀስ ያስቀምጣል፣ አውቶቡሱን አስቀድሞ ይይዛል፣ ስንቁን ይቋጥራል። የጉዞ ዕቅድ መማር የፈለገ እነዚህን ሰዎች ይጠይቅ።

(ሙዚቃ፣ ለአፍታ።)

እሺ፣ ቀኑ ተያዘ፣ ቦታው ተመረጠ። በስንት ሰዓት እንነሳ?

ጠዋት በ12 ሰዓት። ማልዳችሁ! የመስከረም ሰማይ ጠዋት ይስቃል፣ ከሰዓት በኋላ ያኮርፋል። ደመናው ተሰብስቦ ዝናቡ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር ወዲህ ነው። ስለዚህ በ9 ሰዓት መኪናችሁ አጠገብ ሁኑ። እደግመዋለሁ፦ ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት፣ 9 ሰዓት መመለስ።

ምን እንልበስ? ከፍ ባላችሁ ቁጥር ይበርዳል። በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ቀራንዮ ላይ በሸሚዝ የምትሄዱበት ቀን፣ ወጨጫ አናት ላይ ጋቢ ያስመኛል። ነፋሱ ሳይቆጠር ነው ይሄ። ከላይ የምትደርቡት ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ የማያንሸራትት ጫማ። ነጭ ጫማ ተዉት፤ እባካችሁ ተዉት። እንግዳችሁ ከድሬዳዋ ወይም ከአዳማ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ እኛ አየሩን ለምደነዋል፣ እሱ ራሱን ሊያመው ይችላል።

ስንቅ? ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ውሃ። የጾም ቀን ካልሆነ እንቁላል ቀቅሉ። የውሃውን ፕላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ፤ በባዶ ኮዳ ያጌጠ ተራራ ፎቶ ላይም አያምርም።

የምትረግጡት መሬት ባለቤት አለው። በመስከረም ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ለከተማ ሰው ሣር ይመስለዋል። ሣር አይደለም፣ የሰው እንጀራ ነው! በድንበሩ ሂዱ። ሰው ስታገኙ ሰላምታ አስቀድሙ፤ በሰበታና በሱባ በኩል "አካም ጅርቱ" ብትሉ ፊቱ ይፈታል። አደይን በኦሮምኛ ኬሎ ይሏታል። "ኬሎ የት ይገኛል?" ብላችሁ ብትጠይቁ እስከ ቦታው የሚሸኛችሁ አታጡም።

(ሙዚቃው ይቆማል። ድምፅ ብቻ።)

አሁን አንዲት አደይ በእጃችሁ ያዙ። ከእንቁጣጣሽ የተረፈች ብርጭቆ ውስጥ ካለች አምጧት፤ እጠብቃለሁ።

ያዛችሁ? ቢጫዎቹን ቅጠል መሳዮች ቁጠሩ። ስንት ናቸው? ብዙ ጊዜ ስምንት ታገኛላችሁ። አሁን መሃሏን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ያ እንደ ቁልፍ ክብ የሆነው አንድ ነገር ይመስላል። አይደለም። በጣም ጥቃቅን አበቦች ተሰብስበው ነው፤ እያንዳንዳቸው ጥቃቅን ቱቦ ይመስላሉ። አንድ አበባ ብለን የምንጠራው አንድ አይደለም፣ ሙሉ ማኅበር ነው። ዳር ዳር ያሉት ቢጫዎቹ ንቧን ይጠራሉ፣ የመሃሎቹ ዘር ይሰጣሉ።

በሳይንስ ቢደንስ ከሚባለው ወገን ናት። ቢደንስ በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፤ በወገኑ ብዙዎቹ ፍሬ ጫፉ ላይ ጥርስ ስላለው ነው። ካልሲያችሁ ላይ ተሰክቶ የሚያስቸግራችሁን፣ አንዳንዱ ጭጎጎት፣ ሌላው የሰይጣን መርፌ የሚለውን ጥቁር መርፌ መሳይ ታውቁታላችሁ? እሱም ቢደንስ ነው፤ የአደይ የሥጋ ዘመድ! በየቤቱ አንድ አስቸጋሪ ዘመድ አይጠፋም።

አደይ የምንላት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለችም፤ የሚመሳሰሉ እህቶች አሏት። በጣም የታወቀችው ቢደንስ ማክሮፕቴራ ትባላለች፤ ባለ ትልቅ ክንፍ እንደማለት ነው፣ ፍሬዋ ዳርና ዳር ክንፍ ስላለው። ሙሉ ሳይንሳዊ ስሟ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ "መስፍን" የሚል ይገኛል። ይህን ወገን ያጠኑት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ናቸው። በእንቁጣጣሽ በእጃችን የያዝናት አበባ በዓለም መዝገብ ላይ የኛን ሰው ስም ይዛ ትኖራለች፤ ይህን ባወቅሁ ቀን ብቻዬን ፈገግ ብያለሁ።

መቅጠፍ ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ስንቀጥፍ ኖረናል። ግን አደይ የአንድ ክረምት ተክል ናት። ከርማ የምታቆጠቁጥበት ሥር የላትም፤ የሚቀጥለው ዓመት አደይ ያለችው በዘንድሮዋ ፍሬ ውስጥ ነው። ከነሥሯ ከነቀልናት፣ ከአንድ ቦታ ሁሉንም ካጨድን፣ ለከርሞ ምን ይበቅላል? ከአገዳዋ ላይ ቅጠፉ፣ እቅፍ ሙሉ ሳይሆን እፍኝ፤ የበዛው ይቁም። የቀራንዮ ልጆች የነበርን እናውቃለን፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየምና ግንብ የቆመበት ቦታ ድሮ ለእንቁጣጣሽ አደይ የምንለቅምበት ሜዳ ነበር። ያን ሜዳ ያጠፋው የኛ መቅጠፍ አይደለም፣ ቤቱ ነው። የቀረው ግን በኛ እጅ ነው።

(ዋሽንቱ በቀስታ ይመለሳል።)

ከመለያየታችን በፊት የእማማን ነገር ልጨርስላችሁ። ያን በጋዜጣ የተጠቀለለ ፍሬ ክረምቱ እስኪገባ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ከአጥራቸው ሥር አፈር ቧጨር ቧጨር አድርገው በተኑት። ሐምሌ ሙሉ ዶሮዎቹን ሲያባርሩ ከረሙ። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይበቅላል ብዬ አላመንኩም ነበር።

በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። አምስት እግር በቅላለች፤ አንዷ ፈንድታለች። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው ቆጠሩ። "ስምንት" አሉኝ። ከዚያ ስልካቸውን ጠጋ አድርገው ፎቶ አነሱና ለቨርጂኒያዋ ልጃቸው ላኩት፤ ፎቶው ላይ አበባዋና ሰማዩ እንጂ አጥሩ አይታይም።

ማታ መልስ መጣ። "እማዬ፣ የት ተራራ ወጥተሽ ነው?"

እማማ እስካሁን አልነገሯትም። መስቀል ሲያልፍ፣ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ወጨጫ ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ሚኒባሱን ዘንድሮ እሳቸው ናቸው የያዙት።

(የመውጫ ሙዚቃ።)